ከአፍንጫ የሚንጠባጠብ የአንጎል ውሃ፦ ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ይበቃል ወይ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «የ43 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከስምንት ወር ወዲህ ከቀኝ አፍንጫዬ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ሊጥ ሳቦካ ወይም ለስግደት ጎንበስ ስል ጠብ ጠብ ይላል፤ ሌሊት ደግሞ ጉሮሮዬን ጨው ጨው ይለኛል። አለርጂ ነው፣ ሳይነስ ነው እየተባልኩ ብዙ መድኃኒት ወሰድኩ። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ተነሥቼ በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ያለው አጥንት ቀዳዳ እንዳለው ተነገረኝ፤ በአፍንጫ በኩል በካሜራ ቀዶ ሕክምና ይደረግልሻል ተባልኩ። ከዚህ በፊት ለዓመታት ራሴን ያመኝ ነበር፤ ጆሮዬም ውስጥ ከልብ ምቴ ጋር ሹ ሹ የሚል ድምፅ ነበረኝ። ውሃው መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለቱም ቀለል አሉልኝ። ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። ቀዳዳው ራሱ አይዘጋም ወይ? አንጎልን በአፍንጫ በኩል መንካት አያስፈራም ወይ? ከተደፈነ በኋላስ ተመልሶ ይፈሳል? ባለቤቴ ሕንድ ሄደሽ ታከሚ ይለኛል።»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከጻፉልኝ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ አፍንጫዎ የነገሩኝን ሳይሆን፣ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር የራስ ምታቱና የጆሮዎ ድምፅ ቀለል አሉልኝ ያሉትን ዓረፍተ ነገር ነው። ሳልመረምርዎ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ነገር ግን ይህ ታሪክ፣ ከዕድሜዎና ከክብደትዎ ጋር ሲደመር፣ በጭንቅላት ውስጥ ያለው የፈሳሽ ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሮ በመጨረሻ ስሱን አጥንት በስቶ መተንፈሻ እንዳገኘ የሚጠቁም ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ጥያቄዎችዎ የምሰጠው መልስ ከአንድ ሐሳብ ይነሣል፤ ቀዳዳው የሕመሙ ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ግፊቱ ነው፣ አንዱን አክሞ ሌላውን የተወ ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ነው የሚኖሩት። በአንድ ጊዜ በአዋቂ ሰው ጭንቅላትና አከርካሪ ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ሰውነት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል እያመነጨ አሮጌውን ወደ ደም ስለሚመልስ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል። ብዙ ታካሚዎች «የአንጎሌ ውሃ ፈስሶ ሊያልቅ ነው» ብለው ይጨነቃሉ፤ አያልቅም። የሚያሰጋው ውሃው በወጣበት መንገድ ወደ ላይ የሚገባው ተሕዋስ ነው። አፍንጫ ንጹሕ ቦታ አይደለም፤ በጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ሳይቀር ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ተቀምጦ ይገኛል፣ ይህም ቀዳዳ ባለባቸው ሰዎች ላይ ማጅራት ገትርን በማምጣት ቀዳሚው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአገራችን ማጅራት ገትር ሲባል ሰው የሚያስበው በበጋ ወራት በወረርሽኝ የሚነሣውንና በዘመቻ የሚከተቡለትን ነው። ያ በአብዛኛው ሜኒንጎኮከስ በሚባል ሌላ ተሕዋስ የሚመጣ ስለሆነ በዘመቻው የወሰዱት ክትባት ለእርስዎ ሁኔታ መከላከያ አይሆንም። የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው በልጅነቱ አላገኘውም። የአንጎል ፈሳሽ የሚያፈስ ሰው ይህን ክትባት መውሰድ እንዳለበት የታወቀ ምክር ነው፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ክትባቱ ቀዳዳውን ግን አይዘጋም፤ ሁሉንም የኒሞኮከስ ዓይነት አይሸፍንም። ለመከላከያ እየተባለ ለወራት አንቲባዮቲክ መዋጥም፣ ጥቅሙ በጥናት ያልተረጋገጠና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ የሚያሳድግ ስለሆነ እኔ አላዝም።

ስምንት ወር በአለርጂ ስም መታከምዎ አያስገርመኝም። አንዲት መምህርት ወደ እኔ የመጣችው ከሁለት ዓመት የአለርጂ ሕክምና በኋላ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በማጅራት ገትር ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ነበር። ከእርሷ የተማርኩት ቀላል ነገር መሐረብ ማየት ነው። ንፍጥ በጨርቅ ላይ ሲደርቅ ያንን ጨርቅ እንደ ገተረ ልብስ ያደርቀዋል፤ የአንጎል ውሃ ግን ደርቆ ሲያበቃ ጨርቁን እንደ ቀድሞው ለስላሳ ይተወዋል። እርሷ በቦርሳዋ የያዘቻቸው መሐረቦች ሁሉ ለስላሳ ነበሩ። አለርጂ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አፍንጫ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፤ የእርስዎ ግን በአንድ በኩል ብቻ፣ ያለ ማሳከክ፣ ጎንበስ ሲሉ የሚጨምርና ጨው ጨው የሚል ነው። እነዚህ አራት ነገሮች አብረው ሲገኙ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የአንጎል ውሃ ነው ብሎ መነሣት ይገባል።

መሐረብ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማረጋገጫው በፈሳሹ ውስጥ ቤታ-2 ትራንስፈሪን የሚባለውን ፕሮቲን መፈለግ ነው፤ ይህ ፕሮቲን በንፍጥም ሆነ በእንባ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ከተገኘ ጥርጣሬ የለም። አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ በንጹሕ ብልቃጥ ማጠራቀም ይበቃል፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ራስን ወደ ጉልበት ደፍቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ምርመራው በየላቦራቶሪው የሚሠራ አይደለም፤ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ ሊላክ ይችላል። በስኳር መለኪያ ወረቀት መሞከርን ግን ባይቀበሉ እመርጣለሁ። ንፍጥና እንባም ስኳር ስላላቸው ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ቀዳዳውን ስለ መፈለግ ስንነጋገር የቆርቆሮ ጣሪያን አስቡ። ዝናብ ሲያፈስ ኮርኒሱ ላይ ውሃው የሚታይበት ቦታና ሚስማሩ የላላበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ውሃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ሩቅ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። የአፍንጫም ጣሪያ እንዲሁ ነው። ከዓይኖቻችን መካከል በላይ ያለው፣ የማሽተት ነርቮች በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚያልፉበት ወንፊት መሰል አጥንት በአንዳንድ ቦታው ከሚሊ ሜትር ሩብ አይሞላም። ከእርሱ ወደ ኋላ፣ ስፊኖይድ ሳይነስ በሚባለው፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው የአየር ክፍል የጎን ኪስ ውስጥ ያለው ግድግዳም በግፊት ምክንያት የሚሳሳ ሌላ ደካማ ቦታ ነው። ውሃው በቀኝ አፍንጫ ቢመጣም ቀዳዳው በግራ ሊሆን የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ ሲቲ ስካኑ አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ውፍረት የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ለራስ ምታት ተብሎ በአምስት ሚሊ ሜትር ቁርጥ የተነሣ ፊልም ለዚህ ሥራ አይረባም። ከዚህ በተጨማሪ ኤምአርአይ እንዲነሡ እመክራለሁ። ሲቲ አጥንቱን ሲያሳይ፣ ኤምአርአይ በቀዳዳው በኩል የአንጎል ሽፋን ወይም የአንጎል ቁራጭ ወርዶ እንደሆነ፣ እንዲሁም የረጅም ጊዜ ግፊት ምልክት የሆነውን ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ የፒቱታሪ መቀመጫ ባዶ ሆኖ መታየት ያሳያል። ይህ ምርመራ ሳይደረግ በአፍንጫ ውስጥ የታየን እብጠት «የአፍንጫ ሥጋ ነው» ብሎ ቆርጦ ለማውጣት መሞከር ከፍ ያለ አደጋ አለው። አንዳንዱ «ሥጋ» ወደ ታች የወረደ አንጎል ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄዎችዎ። ራሱ አይዘጋም ወይ ላሉት፣ መልሱ በቀዳዳው ምክንያት ይወሰናል። በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ የራስ ቅል ተሰንጥቆ የሚመጣው መፍሰስ፣ ታካሚው ራሱን በ30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ተኝቶ፣ ሳያምጥና ሳይናፈጥ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ቢቆይ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይደርቃል፤ እኛም ለቀዶ ሕክምና አንቸኩልም፣ መጠበቅንም አንፈራም። ያለ ምንም አደጋ በራሱ የጀመረ፣ ስምንት ወርም የቆየ መፍሰስ ግን በራሱ ይዘጋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ለአንድ ሁለት ሳምንት ቢቆም እንኳ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ውሃው ሲቆም ቀዳዳው አሁንም ለተሕዋስ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አንጎልን በአፍንጫ መንካት ያስፈራል ወይ? ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ግን ከድሮው መንገድ ጋር ያነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የራስ ቅልን ከፍቶ፣ ከታፋ ጡንቻ ላይ ያለውን ጠንካራ ሽፋን ቆርጦ በመለጠፍ ዘጋ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም መንገዱ ያ ሆኖ ቆየ። በዚያ መንገድ ቀዳዳው ጋ ለመድረስ ግንባር ይከፈታል፣ የአንጎል የፊት ክፍል ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህም ሂደት የማሽተት ነርቮች ብዙ ጊዜ ይበጠሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዊጋንድ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን የማያ ዘንግ፣ መዝጋት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ ነገሩ ተገለበጠ። በአፍንጫ በኩል የሚሠራው ሐኪም አንጎልን ማንሣት አያስፈልገውም። ከታች ሆኖ ጣሪያውን ነው የሚጠግነው። በአፍንጫ ስለተገባ አንጎል ይበልጥ ይነካል የሚለው ስጋት እንግዲህ ከእውነታው ጋር ይጋጫል።

ሥራውን ቀረብ ብለው ቢያዩት እንዲህ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ይተኛሉ። ኢንዶስኮፑ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ቀጥታ ወይም ወደ ጎን የሚያይ መነጽር ስላለው፣ የአፍንጫው ጣሪያ በስክሪን ላይ ጎልቶ ይታያል። ቀዳዳው በምርመራ በግልጽ ካልታየ፣ አንዳንድ ሐኪሞች በቅድሚያ ከጀርባ ውሃ ቀድተው፣ 10 ሚሊ ሊትር በሆነው በራሱ በታካሚው ፈሳሽ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ከመቶ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም በጥብጠው በዝግታ ይመልሱታል። መጠኑ ከዚህ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል በልክ፣ በጥንቃቄና በታካሚው ፈቃድ የሚሠራ ነው። በስክሪኑ ላይ ከአጥንቱ ስንጥቅ ብጫ-አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር በልብ ምት እየተገፋ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ቀዳዳው የት እንደሆነ አይጠይቅም። ቀለም ባይኖርም ደም ባለበት ቦታ መካከል ታጥቦ የጠራ መስመር ይታያል፤ የለመደ ዓይን ያንን ይከተላል።

ቀዳዳው ሲገኝ ብዙ ሰው የማያውቀው አሰልቺ ሥራ ይጀመራል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስስ የአፍንጫ ሽፋን ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ተገፎ አጥንቱ መራቆት አለበት። በሽፋን ላይ የተለጠፈ ሽፋን አይጣበቅም፣ የታችኛው ሽፋን ንፍጥ እያመነጨ የተለጠፈውን ያነሣዋል። በእኔ ልምድ በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከማያቸው ታካሚዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ላይ የቀድሞው ድፍን የተነሣው እዚህ ደረጃ ላይ ስለተቸኮለ ነው። ወደ አፍንጫ የወረደ የአንጎል ቁራጭ ካለ፣ ሥራውን ያቆመ ስለሆነ ተጠብሶ እንዲያጥር ይደረጋል፤ ይህ ደግሞ አእምሮንም ሆነ ትዝታን አይጎዳም። ከዚያ መድፈኛው ይገባል። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ከአፍንጫው ወለል ወይም ከመካከለኛው ተርቢኔት (በአፍንጫ የጎን ግድግዳ ላይ ካለው የተጠቀለለ አጥንት) የተቆረጠ ቁራጭ ሽፋን ይበቃል። ሰፋ ያለ ከሆነ ከአንጎል ሽፋን በታችና ከአጥንቱ በላይ አንድ ድርብ፣ በአፍንጫ በኩል ሌላ ድርብ ይነጠፋል፤ ለዚህ የታፋ ጡንቻ ሽፋን፣ ከጆሮ ቅጠል ጫፍ ወይም ከሆድ የተወሰደ ስብ፣ ወይም ፋብሪካ የሠራው ተመሳሳይ ነገር ያገለግላል።

ለትልልቆቹ ቀዳዳዎች ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በአርጀንቲና ሮሳሪዮ ከተማ የሚሠሩት ሐዳድና ባሳጋስቴጊ ከፒትስበርግ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የአፍንጫን መሃል ግድግዳ የሚያለብሰውን ሽፋን ከኋላ የሚመጣውን የደም ሥሩን ሳይቆርጡ ልጠው በማዞር ቀዳዳውን መሸፈን እንደሚቻል አሳተሙ። ደም የሚደርሰው ሥጋ ስለሆነ እንደ ተቆረጠ ቁራጭ አይሞትም፣ ይጣበቃል። ዋጋውም አለ፦ የተላጠው ግድግዳ ቅርፊት እየሠራ እስኪድን ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ አፍንጫው ይታፈናል፣ የማሽተት ኃይልም ይቀንሳል። ስለዚህ በአራት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ በእርስዎ ላይ ፍላፕ (ይህ ከነደም ሥሩ የሚዞረው ሽፋን) እንደሚሠራ ከተነገረዎት፣ ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። በአጠቃላይ ሥራው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በፊትዎ ላይ ጠባሳ አይኖርም። አደጋ የለውም አልልም፤ መድማት፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ ጭንቅላት አየር መግባት፣ እጅግ በጥቂቱም የዓይን ጉዳት ሊከተል ይችላል። በግንባር በኩል መክፈት ዛሬም የሚመረጥባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በግንባር ሳይነስ ውስጥ ወደ ጎን ርቆ ኢንዶስኮፕ የማይደርስበት ቀዳዳ፣ ወይም በአደጋ የደቀቀ አጥንት። እርስዎ የገለጹት ግን ከእነዚህ ወገን አይመስልም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ተመልሶ ይፈሳል ወይ የሚል ነበር፤ እኔም የምቆየው እዚህ ላይ ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በኢንዶስኮፕ የተደፈነ ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ 90 ከመቶ ገደማ ይዘጋል፤ ያልተያዘው ሲደገም ስኬቱ ወደ 97 ከመቶ ይደርሳል። ይህ መልካም ቁጥር ነው፣ ነገር ግን በውስጡ የተለያዩ ሰዎች ተደባልቀዋል። በአደጋ የተሰነጠቀ አጥንት አንዴ ከተደፈነ የሚገፋው ነገር የለም። በግፊት የተበሳ ጣሪያ ግን ከላይ ውሃው እየገፋ ነው፤ ያንኑ ድፍን ሊያነሣ ወይም ሌላ ስስ ቦታ ፈልጎ ሊወጣ ይችላል። ቀዳዳው ለእርስዎ ጭንቅላት እንደ መተንፈሻ ሆኖ ሲያገለግል ነበር፤ የራስ ምታትዎ የቀለለው ለዚህ ነው። መተንፈሻው በተዘጋ ማግሥት የራስ ምታቱና የጆሮው ድምፅ ሊመለሱ እንደሚችሉ አስቀድመው ይወቁ። ያን ጊዜ «ቀዶ ሕክምናው ተበላሸ» ብለው አይደንግጡ። ይልቅስ ድፍኑ መያዙን፣ ግፊቱ ደግሞ ገና መታከም እንዳለበት የሚናገር ምልክት ነው።

ግፊቱን መለካት ከባድ አይደለም። ቀዳዳው ክፍት እያለ ከጀርባ የሚለካ ግፊት ዝቅ ብሎ ስለሚያሳስት፣ የሚታመነው ከተደፈነ በኋላ ነው፤ ተኝተው በጎን ሆነው ከጀርባ ሲቀዳ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት ግን የዓይን ሐኪም ከዓይን ኋላ ያለውን የነርቭ ራስ ማየት አለበት። ግፊቱ ነርቩን አሳብጦ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው፣ ዓይንም ሳያመው ቀስ በቀስ ሊጠፋ የሚችልበት ሕመም ነውና። ግፊት ከተገኘ አሴታዞላማይድ የሚባለው እንክብል የውሃውን ምርት ይቀንሳል። ጣት ጫፍ ላይ መደንዘዝ ያመጣል፤ አምቦ ውሃም ጋዙ የጠፋ ይመስል ጣዕሙ ይለወጥብዎታል፤ ይህ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነውና አያስጨንቅዎ። የኩላሊት ጠጠር ካለብዎ፣ ሰልፋ ያለበት መድኃኒት ከጎዳዎት ወይም እርጉዝ ከሆኑ ግን ሳይናገሩ አይውሰዱት። መድኃኒቱ ብቻውን ካልያዘው ውሃውን ወደ ሆድ የሚያፈስ ቱቦ ማስገባት ይመጣል፤ ጥቂቶች ናቸው እዚያ የሚደርሱት።

ስለ ክብደት ሳነሣ እንዳይከፉብኝ። ይህ ዓይነት ግፊት በዋናነት የሚያጠቃው ክብደታቸው የጨመረ፣ በመውለጃና በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነው፤ ክብደት ሲቀንስ ግፊቱ እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ስለሆነ፣ ክብደትን መቀነስ እዚህ ላይ ለመልክ የሚሰጥ ምክር ሳይሆን የድፍኑ ዋስትና ነው። ሌሊት የሚያንኮራፉና ትንፋሽዎ ቆረጥ የሚል ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ ይህን ግፊት ያባብሳል።

እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ፤ ያስነጠሰዎት እንደሆነ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ጨምቀው ወደ አፍንጫዎ እንዳያስገቡ፣ ጤና አዳምም እንዳይወትፉ፣ ሱረትም እንዳይስቡ በጥብቅ አሳስባለሁ። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ከአፍንጫ ጣሪያ በላይ ያለው አንጎል ነው። በርበሬ ሲቆላና ሲደለዝ ከቤት ይውጡ። የሆድ ድርቀት ማማጥን፣ ማማጥም ግፊትን ስለሚያመጣ፣ ተልባ በጥብጠው ቢጠጡ ይጠቅማል። ትኩሳት ከብርቱ ራስ ምታት ጋር፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላት፣ ማስታወክ ወይም መቃዠት ከመጣ ታይፎይድ ይሆናል ብለው ቤት አይቆዩ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሄደው «ከአፍንጫዬ የአንጎል ውሃ ይፈሳል» ብለው ይናገሩ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር የተረኛውን ሐኪም ሐሳብ ወዲያው ትለውጣለች።

ባለቤትዎ ሕንድ ስለ ማለታቸው፣ እኔ አገሩን ሳይሆን ክፍሉን እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪምና የነርቭ ቀዶ ሐኪም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው የሚሠሩበት፣ የሳይነስ ኢንዶስኮፕ በየሳምንቱ የሚያገለግልበት፣ ችግር ቢፈጠር የጽኑ ሕሙማን አልጋ ያለበት ሆስፒታል ይፈልጉ፤ ሐኪምዎንም ባለፈው ዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዳዳ እንደደፈነ፣ ግፊቱንስ ማን እንደሚከታተል ይጠይቁት። በትሕትና ከተጠየቀ ቅር የሚለው ሐኪም ካለ ሌላ ሐኪም ቢያዩ ይሻላል። ሕንድም ሆነ ሌላ አገር ከሄዱ የመመለሻ ትኬትዎን አስቀድመው አይቁረጡ። ከሥራው በኋላ በጭንቅላት ውስጥ የቀረ አየር ካለ፣ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚለጠጥ አደገኛ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚበሩበትን ቀን ሲቲ ካየ በኋላ የሚወስነው የሠራዎት ሐኪም ነው። የአፍንጫዎን ማሸጊያ ለማውጣትና ድፍኑን በኢንዶስኮፕ ለማየት በሚቀጥሉት ሳምንታት መመላለስ ስላለብዎም፣ ሆስፒታሉ አጠገብ የሚቆዩበትን ጊዜ በበጀትዎ ውስጥ ያስቡበት።

ወደ ሥራና ወደ ስግደት መመለስን በተመለከተ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ራስን ከልብ በታች ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ይቅር። ሊጡን ሌላ ሰው ያቡካ፣ ምጣዱንም ሌላ ሰው ይያዘው፤ ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሡ፣ ጀሪካንም አይሸከሙ። ሲተኙ ሁለት ትራስ ይደርቡ። አፍንጫዎ ሲደርቅ በሐኪም የታዘዘ የጨው ውሃ ብቻ ይርጩበት። ለስግደቱ ንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ፣ ለታመመ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ መጸለይ እንደሚፈቀድ ይነግሩዎታል ብዬ አስባለሁ፤ ሐኪምዎ በኢንዶስኮፕ አይቶ ድፍኑ ሽፋን ማልበሱን ካረጋገጠ በኋላ ግን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በጉልበት ከዚያም በግንባር፣ መመለስ ይችላሉ። መጀመሪያ ጎንበስ ባሉበት ቀን ንጹሕ መሐረብ በእጅዎ ይያዙ፤ ጠብ ያለ ነገር ካለ በዚያው ቀን ይደውሉልን።